የመምህር ኢዛና የሕይወት ታሪክ

«እንዲህ ያለ አንደበት ከቤት ይወጣል እንጂ ከየትም አይመጣም፤ ወላሂ፣ እርስዎ እያመሰገኑ ቢያሳድጉት ነው እሱም የሰው ልጅ ማመስገን ያወቀው» አለች ለቅሶ የመጣችው ዘይነባ፤ መሪጌታ ቢተው ግን ንግግሯን ሳታበቃ ከተቀመጡበት ተነሡ።

በዚያ ጧት ሲነሡ ይህ አራተኛቸው ነበር። አንድ ጊዜ የድንኳኑን ገመድ አጠበቁ፤ አንድ ጊዜ ማንም ያልከፈተውን የአጥር በር ሊዘጉ ሄዱ፤ አንድ ጊዜም እስከ መንገዱ ወጥተው፣ ምን ፈልገው እንደ ወጡ ሳያውቁት ተመለሱ። ልጃቸው ኢዛና በሃያ ስድስት ዓመቱ፣ በአራት ቀን ሕመም ሞቶ ትናንት ተቀብሯል። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል መምህር ነበርና የተማሪዎቹ ወላጆች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ድንኳኑን ሞልተውታል።

«ምን ብዬ አስቀየምኳቸው?» አለች ዘይነባ ደንግጣ።

«ምንም አላልሽ፤ እግሩ አልረጋ ብሎ ነው» አሏት የመሪጌታ ታላቅ እህት እቴቴ። «ይልቅስ የጀመርሽውን ጨርሺልን።»

ዘይነባ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። ልጇ ፈርሂያ ትምህርት ቤት ገብታ ሦስት ወር ሙሉ አፏን አልከፈተችም፤ ፊደሉም አልገባ ብሏት ነበር። አንድ ቀን ግን እየሮጠች መጣች። መምህሩ ደብተሯን አይቶ፣ የተበላሸውን ሁሉ ለጊዜው ትቶ፣ «ፈርሂያ፣ ዛሬ የ‹ለ›ን ሁለት እግሮች እኩል አድርገሽ አቁመሻቸዋል» ብሏት ነበር።

«ጎበዝ አላላትም፤ አንበሳ አላላትም። የሠራችውን ነው የነገራት። እሷ እቴ፣ ላሟን ሳይቀር ይዛ ስትነግራት! ላሚቱ ሰልችቷት ፊቷን አዞረች።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ወዲያውም ያሉበትን ቤት አስታውሰው አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። መሪጌታ ከድንኳኑ ጀርባ ቆመው ሁሉንም ሰሙ።

ያስነሣቸው የሴቲቱ ቃል ሐሰት መሆኑ ነበር። ልጅን በፊቱ ማመስገን በልቡ ትዕቢት መዝራት ነው ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው፤ ባመኑበትም ኖረዋል። ኢዛና በዘጠኝ ዓመቱ ዳዊት የደገመ ዕለት እናቱ፣ ዛሬ በሕይወት የለችም፣ ድፎ ዳቦ ጋግራ ጎረቤቱን ጠርታ ነበር። ልጁ በእንግዶቹ ፊት ቆሞ አነበበ። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ካዳመጡት በኋላ «ሁለት ቦታ ስተሃል፤ ነገ ከመጀመሪያው ትጀምራለህ» አሉት። ዳቦው በዝምታ ተበላ። ልጁ አላለቀሰም፤ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ በዚህኛው ጊዜ አንድም ቦታ አልሳተም። የአባትየው ልብ በደስታ ሞላ። ነገር ግን መጽሐፉን አጥፈው፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

«አንተ ሰው፣ ሐዘንተኛ እንዲህ ይዞራል?» አሉ እቴቴ ተከትለዋቸው መጥተው።

«ነገ የሚነበበውን እያሰብሁ ነው።»

ነገ ሣልስቱ ነው፤ ከጸሎቱ በኋላ የሟቹ የሕይወት ታሪክ ይነበባል። የከተማውን ሟቾች የሕይወት ታሪክ ሃያ ዓመት ሙሉ የሚጽፉት እርሳቸው ነበሩ። ለልጃቸው ግን የተወለደበትን፣ የተጠመቀበትንና የተማረበትን ጽፈው ስድስተኛው መስመር ላይ ቆመዋል። ስሕተቶቹን አንድ በአንድ ያስታውሳሉ፤ ሌላው አልመጣላቸውም።

«ለየትምወርቅ ስጣት። ወንድሟን እሷ ታውቀዋለች። ሳትሄድብህ ስጣት።»

«ወዴት ነው የምትሄደው?»

«ከአርባው በኋላ ደሴ፣ የእናቷ እህት ዘንድ እገባለሁ ብላለች። አልነገረችህም?»

«ከዚህ ቤት ምን አጣች?»

«ምን አገኘች በለኝ እንጂ! አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ‹ደግ አደረግሽ› ሲባል ሰምታ ታውቃለች? አንዱን አፈር በላብህ፤ ይህችን ደግሞ መንገድ ይውሰዳት?»

መሪጌታ የድንኳኑን ገመድ ያዙ፤ ለቀቁት፤ እንደገና ያዙት።

ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ለልጃቸው ሰጧት። የትምወርቅ ጓዳ ገብታ ጻፈች፤ አምጥታም ስሕተቷ እስኪነገራት ቆማ ጠበቀች። መሪጌታ ወደ በሩ ብርሃን ዞረው አነበቡ። ኢዛና በክረምት ሕፃናቱን በትከሻው ወንዝ ያሻግር እንደ ነበር ተጽፏል፤ የእያንዳንዳቸውን የአያት ስም ሳይቀር ያውቅ እንደ ነበር ተጽፏል። ይህን ሁሉ እርሳቸው አያውቁም ነበር። ወደ መጨረሻው ሲደርሱ ግን «አባቱም ዘወትር እያበረታቱ፣ በምስጋናና በፍቅር አሳደጉት» የሚል አገኙ።

«ይህን ማን ነገረሽ?»

«እርስዎ ለሞተ ሁሉ እንዲህ አይደል የሚጽፉት፣ አባባ?»

«እውነት ነው ወይ?»

የትምወርቅ አንገቷን ደፋች።

«እውነት ነው ወይ አልሁሽ!»

«አይደለም» አለች፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች።

መሪጌታ መስመሩን ሠረዙት። እስክሪብቶውንም ሰጥተዋት «ጻፊ» አሏት። «አባቱ ቢተው አንድም ቀን በፊቱ አላመሰገነውም።»

«አባባ፣ በሕዝብ ፊት?»

«ሐሰቱንስ በሕዝብ ፊት ልናነበው አልነበረም?»

«ማን ሊያነበው ነው?»

«የጻፈችው ታንብበው።»

በሣልስቱ ድንኳኑ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። የትምወርቅ ጥቁር ነጠላዋን አጣፍታ በሰው መካከል ቆመች፤ እያነበበችም ከዚያ መስመር ደረሰች። ቃሉ ሲነበብ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ምነው፣ ይህ ደግሞ ለቅሶ ላይ ይነገራል?» ብሎ አንሾካሾከ፤ ጎረቤቱ በክርኑ ጎሰመው። የትምወርቅ ወደ አባቷ ተመለከተች። መሪጌታ ራሳቸውን ነቅንቀው ቀጥዪ አሏት።

ቀጠለች፤ ያነበበችው ግን በወረቀቱ ላይ እርሳቸው ያላዩትን ነበር። «በአራቱ የሕመሙ ቀኖች ግን አባታችን ከራስጌው አልተነሡም። ውኃ ሲጠማው ከማንም እጅ አልቀበልም ብሎ ከእርሳቸው እጅ ብቻ ይጠጣ ነበር።»

እቴቴ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። መሪጌታ ከተቀመጡበት አልተነሡም። ሐሰት ቢሆን ተነሥተው በወጡ፤ እውነት በመሆኑ የሚሸሹበት አልነበራቸውም።

ልጅቱ ወረቀቱን አጥፋ ወደ ሴቶቹ ልትመለስ ስትል «የትምወርቅ» ብለው ጠሯት። ከአጠገባቸው ካለው ጀሪካን በጣሳ ውኃ ቀዱ፤ ቆመውም ለታላቅ ሰው እንደሚሰጥ በሁለት እጃቸው ዘረጉላት።

«ድምፅሽ እስከ ድንኳኑ ዳር ተሰማ» አሉ። ከንፈራቸው ያልለመደውን ቃል ፈልገውም ጨመሩ። «ስሙን ስትጠሪም አልቸኮልሽም።»

የትምወርቅ ጣሳውን በሁለት እጇ ተቀበለች። ግማሹን ጠጥታ መለሰችላቸው፤ መሪጌታም የተረፈውን፣ እንደ ቆሙ፣ ጠጡት።