ስኳር የተባለው ነገር

ለመጽሔቱ ሊላክ የተዘጋጀው ጽሑፋችን እንዲህ ይላል፦ «ስታርች የሚሠራውን የተክል ኢንዛይም ባለ ሦስት አቅጣጫ ቅርፅ ስንመረምር፣ ስኳሩ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ በግልጽ ይታያል።» የእትዬ ጠብታ ደብተር ደግሞ ቅርፁ ስለተነበበበት የኢንዛይሙ ክሪስታል እንዲህ ይላል፦ «ስኳር ስላለቀ አልተጨመረም። ሲቀዘቅዝ እንዳይሰነጠቅ ግሊሰሪን ውስጥ ተነክሯል።»

እትዬ ጠብታ የላቦራቶሪያችን ቴክኒሻን ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው ክሪስታል የሚያበቅሉት ጠብታ ውስጥ ስለሆነ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ከአሸዋ ቅንጣት ያነሰ ክሪስታል ከጠብታው በቀጭን የክር ቀለበት ሲያወጡ ኖረዋል። ከክሪስታሉ የኤክስሬይ ምስል ተነስቼ የኢንዛይሙን ሞዴል በኮምፒውተር የገነባሁት እኔ ነኝ። ያለዚህ ጽሑፍ ዶክትሬቴን አላገኝም።

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ሁላችንም ተሳስተናል። ምስሉ ላይ፣ ኢንዛይሙ ስኳርን በስኳር ላይ የሚቀጥልበት ጉድጓድ ውስጥ አንዲት ብዥታ ታየች። ላቦራቶሪውን የሚመሩት ፕሮፌሰር «ስኳር ነው!» አሉ፤ እኔም ስኳር አስገባሁባት። የአዋቂ እግር በልጅ ጫማ እንደ መክተት ነበር፤ ቢሆንም ገባ፤ የጽሑፋችንም ዋና ግኝት ሆነ። ዓይን የፈለገውን ያያል። በዚህ አልተናደድኩም።

የተናደድኩት ማክሰኞ ነው። እትዬ ጠብታ ደብተራቸውን አቅፈው ወደ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ሲገቡ ተከተልኳቸው።

«ፕሮፌሰር፣ ያ ስኳር ያሉት እኮ እጄ ሲደርቅ የምቀባው ግሊሰሪን ነው።»

ፕሮፌሰሩ ገጹን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ገባቸው፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። ከዚያ ደብተሩን ዘጉት።

«ስኳሩን ጨምረሽ ሳትመዘግቢው ቀርተሽ ይሆናል።»

«ያልነበረውን ከየት አምጥቼ? ከሻይዎ ቆንጥሬ?»

ሳቄ አመለጠኝ። ፕሮፌሰሩ ግን አልሳቁም።

«የአንቺ ሥራ መንከር ነው፤ መተርጎሙን ለተማረ ሰው ተይ። ይልቅ ገጹን 'ስኳር ተጨምሯል' ብለሽ እንደገና ጻፊው።»

«ፈርሜበት?»

«ፈርመሽበት እንጂ!»

በዕድሜ ታላቅ እህታቸው የሚሆኑትን ሴት «አንቺ» ማለታቸው አልበቃ ብሏቸው፣ የራሳቸውን ውሸት ሊያሸክሟቸው ነው። እትዬ ጠብታ ቅዝቃዜ የላጣቸውን ጣቶቻቸውን ደብተሩ ላይ አሳረፉ።

ፕሮፌሰሩ ወደ እኔ ዞሩ። «ዓርብ ይላካል። አምስት ዓመት ለፍተሃል፤ መቼም ለራስህ ታስባለህ።»

«ልጄ፣ ለእኔ ብለህ እንዳትናገር» አሉ እትዬ ጠብታ ቀስ ብለው። «ገና ነህ፤ እንጀራህን አትዝጋ።»

ይሄ ነው ያንገበገበኝ። ዋሺ የተባሉት እሳቸው፣ የሚጨነቁት ለእኔ!

«ስኳሩን ዛሬውኑ ከሞዴሉ አወጣዋለሁ» አልኩ። «ጽሑፉ ግሊሰሪን ነው ብሎ ካልሄደ የእኔ ስም አይኖርበትም። ስሜ ለምን እንደወጣም ለመጽሔቱ እኔው እጽፋለሁ።»