ከስቱኮው ሥር

«አንተ ልጅ፣ የሰው ስም አታጥፋ!» አሉ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም፣ በመቋሚያቸው የጋራዡን ወለል እየወጉ። «ይህን በር የሠራው አስማማው ነው። ላሜራውን እኔ ራሴ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ጣራ ጭኜ አምጥቼለታለሁ። አሁን ስቱኮ ነው ትለኛለህ?»

«እኔ የማንንም ስም አላነሳሁም፣ የኔታ» አለ የጋራዡ ባለቤት እንዳላማው። ማግኔቱን እንደገና ከመሪጌታ ሰማያዊ ቮልስ መኪና በር ላይ አስጠጋው። አልያዘም። ተንሸራቶ መዳፉ ላይ ወደቀ። «ብረት ቢሆን ይይዘው ነበር። ከታች በዝገት አልቋል፤ ሁለቱም በር ካልተቀየረ ይህን ክረምት አይወጣም።»

«ማግኔትህ እንደኔ አርጅቶ ይሆናል።»

አስማማው ከጥግ ሆኖ የአይሱዙ መከላከያ ያቃናል። መዶሻውን አላቆመም፤ ቢያቆም ዝምታው አሳልፎ የሚሰጠው መሰለው። እንዳላማውን ላሜራ መምታት ያስተማረው እሱ ነው። የራሱ ጋራዥ ከተዘጋ ወዲህ በተማሪው ቤት ተቀጥሮ ያድራል። ጠዋት ቮልሷ ስትገባ እንዳላማው በሩን አንዴ በጣቱ አንኳኩቶ፣ ቀና ብሎ አይቶት፣ ምንም ሳይል ዞር ብሎ ነበር። ያ ዝምታ ከስድብ ይልቅ አቃጥሎታል።

«አስማማው! ና፣ ራስህ ክፈተውና ይህን ልጅ አሳፍርልኝ» አሉ መሪጌታ። ወደ እንዳላማው ዞረው ጨመሩ፦ «ከእሱ ጋር አንድ ጽዋ ስንጠጣ ሃያ ዓመታችን ነው። የማኅበር ወንድሙን የሚያታልል ሰው አይደለም።»

አስማማው መሮና መዶሻ ይዞ መጣ።

በሰማንያ ስምንት ክረምት ነበር። የቤቱ የእንጨት በር በስብሶ፣ ጎርፉ አራስ ሚስቱ የተኛችበት መደብ ሥር ገብቶ ያደረ ዕለት፣ የመሪጌታን ላሜራ ለቤቱ በር አደረገው። ለመስቀል እተካዋለሁ ብሎ የቮልሷን በሮች በጆንያና በስቱኮ ሞላቸው። ቀለሙ አማረ፤ መሪጌታ መረቁት፤ መስቀልም አለፈ። ከዚያ ወዲህ ጽዋው ተራውን ጠብቆ እሱ ቤት በዞረ ቁጥር፣ መሪጌታ ጎንበስ ብለው ሲገቡ ላሜራውን መታ መታ እያደረጉ «በር እንዲህ ነው» ይሉ ነበር። በዓመት አንድ ቀን። አሥራ አራት ዓመት።

«ተወው ጋሽ አስማማው፣ እኔ እከፍተዋለሁ» አለ እንዳላማው ፈጠን ብሎ። ዓይኑን መሬት ላይ ጥሏል። «ምናልባት ከአንተ በኋላ ሌላ ሰው ነካክቶት ይሆናል።»

መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ፈካ። «ይሆናል እኮ! እኔ ደብረ ኤልያስ ሰንብቼ የነበረ ጊዜ...»

አስማማው በዚህ ቃል የተዘረጋለትን የማምለጫ እጅ አየው። መያዝ ብቻ ነበር የቀረው።

«ማንም አልነካውም፣ የኔታ» አለ።

መሮውን ደግኖ መታ። ስቱኮው እንደ ደረቀ ጭቃ ተፈረካከሰ። ሦስተኛው ምት ላይ የጆንያው ክር ብቅ አለ።

መሪጌታ ጎንበስ ብለው ክሩን በሁለት ጣታቸው ሳቡት። ረዘም ያለ ነበር።

«ላሜራው ወዴት ሄደ?»

«ቤቴ ነው፣ የኔታ። እርስዎ ያውቁታል።»

ሽማግሌው ክሩን ጣታቸው ላይ ጠቀለሉት። ከዚያ ወደ እንዳላማው ዞሩ።

«ይቅር በለኝ ልጄ። ስም አጠፋህ ያልኩህን።»

«ኧረ የኔታ፣ ምን ቁም ነገር ነው!»

«በሩ ከየት ይገኛል?»

«ባሕር ዳር አንዲት የቆመች ቮልስ አለች። ልኩን እንያዝና ልደውል።» እንዳላማው ሜትሩን ዘረጋ፤ መሪጌታ አንዱን ጫፍ ያዙለት።

አስማማው ቱታውን አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሰቀለ። መሮውን ጠርጎ ከቦታው መለሰ። ወደ ውጭ የሚያወጣው መንገድ በቮልሷና በግድግዳው መካከል ነበር፤ በዚያው አመራ።

«ሰባ ሁለት» አለ እንዳላማው።

«ሰባ ሁለት» አሉ መሪጌታ እንዳይረሱት ደግመው፤ ዓይናቸውን ከሜትሩ ሳያነሱም አላፊው እንዳይደናቀፍ መቋሚያቸውን ወደ ጎን ሰበሰቡ።