አንቱ የሌለበት ክፍል

የወጣቶች ኅብረቱን ምራ ሲሉት ኤሌክትሪሻኑ ዓይኑን ሳያሽ እሺ አለ። ሲፈጥረው እምቢ ማለት አይሆንለትም። ቅዳሜ ከሰዓት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወዳለችው ክፍል ገባና መጀመሪያ፣ ስትርገበገብ የኖረችውን ፍሎረሰንት ቀየረ። ቀጥሎ የፕላስቲክ ወንበሮቹን ክብ አድርጎ ደረደረ። ወጣቶቹ ሲሰበሰቡ ደግሞ ሕግ አወጣ።

«እዚህ ክፍል ውስጥ አንቱ የሚባል ነገር የለም። አንተ በሉኝ። እኔም እንደ እናንተው ነኝ።»

እንደ እናንተው! ራሰ በራ፣ ጢሙ የሸበተ፣ ሲቀመጥ ጉልበቱ የሚንቋቋ ሰውዬ። ግን ክፋት የለበትም። ከእሱ በፊት የነበረው መሪ ልጆቹን በተግሣጽ ሲያስመርራቸው ክፍሉ ባዶ ሊቀር ምንም አልቀረውም። ይሄኛው ግን ከቀረብኳቸው ያወሩኛል ብሎ ነው።

ልጆቹ ግን አንተ ማለት አቃታቸው፤ ባደጉበት ቤት እንዲህ ያለው ድፍረት ጥፊ ያስቀምሳል። ሕጉን ማፍረስም ፈሩ። ስለዚህ መላ ዘየዱ፣ ሰውየውን ከንግግራቸው ውስጥ ጨርሶ አወጡት። «ጋሼ፣ በሩ ይዘጋ?» «ጋሼ፣ ሻይ ይጠጣል?» «ጥቅሱ ይነበብ ወይስ ይቆይ?» ሬዲዮ የሚሉት ለፍላፊ ልጅ ብቻ አንድ ቀን ደፈር ብሎ «አንተ…» ሲል ጀመረና፣ «ኧረ በጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ!» ብሎ አፉን በእጁ ያዘ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ያልሳቀችው አንዲት ልጅ ናት፣ የገዛ ልጁ።

እሷ ቤት ውስጥ አባቷን አንቱ ነው የምትለው። አያቷ እንደዚያ አድርገው ነው ያሳደጓት። እሱም ደስ እያለው ሰማ እንጂ አንድ ቀን ተዪው አላላትም። ታዲያ እዚህ ምን ትበለው? አንቱ ብትል ሕግ አፈረሰች፤ አንተ ብትል ማታ እራት ላይ በምን ዓይኗ ታየዋለች? ዝም አለች። ወር ገባ ወር ወጣ፣ እሷ ዝም።

አንድ ሐሙስ ሚስቱ ሳህን እያጠበች፣ «ልጅህ ኅብረቱን ልትተው ነው» አለችው።

«ማን አለ? ለእኔ አልነገረችኝም።»

«ለአንተ ምን ነግራህ ታውቃለች?»

ሊቆጣ ፈለገ፣ የሚቆጣው ሰው አጣ። ደግሞስ ኅብረቱን እሺ ያለው ለማን ብሎ ነው? እቤት ያላወራችኝ ልጅ እዚያ እንኳን ብታወራኝ ብሎ አይደል! ይህን ለሚስቱም አልተነፈሰም። አሁን ልጅቷ ከሄደች ክቡም ወንበሩም ምን ያደርግለታል?

ቅዳሜ ደረሰና ገና ሳይጸልዩ፣ «ለምንድን ነው የማታወሩኝ?» አላቸው። ለመመለስ መቼ ጊዜ ሰጣቸውና! «አፍራችሁ ነው፣ ገብቶኛል። እኔም በእናንተ ዕድሜ…»

«አንተ ስትጠይቅ መልሱን ይዘህ ነው የምትመጣው።»

ሁሉም ዞረ። ልጁ ናት። ዓይኗ አልተሰበረም።

«እዚህ ነይ ስትለኝ ትፈልጊያለሽ ወይ አላልከኝም። አንተ ቤት ስትገባ እኔ ወደ መኝታ ቤቴ እንደምገባ ታውቃለህ? ተኝታ ነው ትላለህ። ተኝቼ አላውቅም። አንድ ቀን እንኳን አላንኳኳህም።»

የሬዲዮ ባትሪ እንኳን አለቀ። ኤሌክትሪሻኑ ፊቱ ቀላ። ‹ለማን ብዬ ነው ታዲያ የምለፋው!› የምትለዋ መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ዋጣት። አመመችው፣ ግን ዋጣት።

«ሌላስ?» አለ ብቻ።

«ሌላ የለም።»

«እኔ አለኝ» አለ ሬዲዮ እጁን አውጥቶ። «ጋሼ፣ አንተ… አዎ፣ አንተ፣ ሰው ታቋርጣለህ።» ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው! ሰውየው እስኪመሽ ሲወቀስ ዋለ።

አባትና ልጅ ወደ ቤት ጎን ለጎን ሄዱ። ሱቆቹን አለፉ፣ የአውቶቡስ ፌርማታውን አለፉ።

«ቅዳሜ ትመጪያለሽ?» ብሎ ጠየቃትና እንደ ልማዱ አልቀጠለም። ጠበቀ።

«ላስብበት» አለች።

ይህችም ትበቃለች አለ በሆዱ። እሺ ብትለው ኖሮ አያምናትም ነበር።

በራቸው ጋ ሲደርሱ ፍርሃት ያዘው። ከዚህ ደፍ ወዲያ ሕጉ አይሠራም። ገባ ካሉ አንቱው ይመለሳል፣ እራት በዝምታ ይበላል፣ መኝታ ቤቷም ይዘጋል። የግራ ኪሱን ዳበሰ፣ የደረት ኪሱን ዳበሰ፣ እንደገና የግራውን። ቁልፉ የት እንዳለ አጥቶት አይደለም። ልጅቷ ቆማ አየችው፣ አየችውና ገባት።

«በቀኝ ኪስህ ነው ያለው» አለችው።

ከውስጥ እናትየው ጮኸች። «አንቺ! ኪስህ የምትይው ማንን ነው? የማንን ጎረምሳ ነው ይዘሽብኝ የመጣሽው?»

«ጎረምሳ አይደለም እማዬ» አለች ልጅቷ። «አባዬን ነው።»