ከአምስቱ ፊት የጨመርኳት አንድ

አጎቴ ገልባጩን ጠጠር ሞልቶ ድልድዩ አፍ ላይ ደርሷል፣ እኔ ደሞ ከፊቱ ተገትሬያለሁ። ክላክሱን ሲለቅብኝ ጆሮዬ ጭው አለ።

«ዞር በል አንተ።»

«አልልም ጋሼ። ድልድዩ አይችልህም።»

«አጠናክረውታል፣ ለካ የሚያስበን አለ። ታፔላው አስራ አምስት ቶን ይላል፣ የጫንኩት አስራ ሁለት ነው።»

«መኪናዋስ? ባዶዋን አስር ቶን ናት እኮ። ሚዛን ላይ ስትወጣ አይቻለሁ።»

«መኪናዋ ጎማ አላት፣ ራሷን ትችላለች።»

አሁን ለዚህ ሰው ምን ይባላል? ድንጋይ ካባው ላይ ያለው ሾፌር ሁሉ እንደዚሁ ነው። ሎደሩ ስንቴ እንደደፋለት ይቆጥራል፣ የተቀመጠበትን ብረት ግን አይቆጥርም።

«ድልድዩ ሁሉንም ነው የሚሸከመው ጋሼ። ጠጠሩን፣ መኪናዋን፣ አንተንም ከነቦርጭህ» ብለው ጭራሽ ማርሽ አስገባ።

እሱኮ ጭኖ በዚህ አልፎ አያውቅም፣ ሁሌ በዙሪያው ነው የሚሄደው። ታፔላው አምስት ነበራ። ከአምስቱ ፊት አንድ የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ ትናንት፣ በር ቀብተን በተረፈች ጥቁር ቀለም። ሾፌሮቹ ግራ ሲጋቡ አይቼ ልስቅ ጠዋት መጥቼ ስጠብቅ የመጀመሪያው ደንበኛ የገዛ አጎቴ ሆኖ አረፈው።

ብናገር ደሞ መሪው ቀረ። መንጃ ፈቃዴን ይዤ አንድ ዓመት ለምኜው ከሰኞ ጀምሮ ይቺን መኪና ሊያስይዘኝ ነበር።

የፊት ጎማዋ ድልድዩ ላይ ሊወጣ አንድ ክንድ ሲቀረው አፌ ቀደመኝ።

«አንዷን የጻፍኳት እኔ ነኝ። አምስት ነው።»

ፍሬን ያዘ። «ባለፈው ሳምንትም በውሸት ጎማህ ተነፈሰ ብለህ ሦስቴ አስወርደኸኛል።»

«ውረድና ፋቃት በቃ።»

እያጉረመረመ ወረደ። በቁልፉ ሲፍቃት ተቀርፋ ወደቀች። ታፔላውን አየ፣ ድልድዩን አየ፣ ከዛ እኔን። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሰኞን እርሳው» አለና ገባ። «አሁን ከኋላ ሆነህ ምራኝ።»

መዞሪያ የለም። እስከ መገንጠያው ግማሽ ኪሎ ሜትር ወደኋላ ነው።

«ና፣ ና፣ ና» አልኩት። መኪናዋ ቆመች። አጎቴ ወርዶ ከኋላ ዞሮ አየ፣ ምንም የለም፣ ተመልሶ ወጣ።

«ና» ስለው ደግሞ ወረደ።

«ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነማ እዚሁ ማደራችን ነው።»

«አውቃለሁ» አለና ጎንበስ ብሎ ጎማውን አየ።