የፉጨቱ መልስ

ፀጉር ቤቱ ሰኞ ሰኞ ለደንበኛ ዝግ ነው። ለሦስት ሰዎች ግን ይከፈታል። ባለቤቱ ፀጉር አስተካካይ በደንበኛው ወንበር ላይ ይንፈላሰሳል፤ ጡረታ የወጣው የጂኦግራፊ መምህር ወረፋ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ እግሩን አነባብሮ ይቀመጣል። ሦስተኛው ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኙ ነው፤ በቅጥነቱም በሥራውም የተነሳ ሰፈሩ ሁሉ «ሽቦ» ይለዋል። ተሰብስበው የሚጨቃጨቁት ስለ ባንዱ ነው። ባንዱ ሲባል ለእነሱ ሌላ ባንድ የለም።

ከባንዱም ዕድሜ የሚያነሱት አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት፣ በእግር ኳስ ሜዳው በተደረገው የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ፣ ባንዱ ዶፍ እየወረደበት የተጫወተበትን። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ተወልዶ ስንቱ ተድሯል፤ እነዚህ ግን ገና ከሜዳው አልወጡም።

«ዝናቡ የጀመረው ሦስተኛው ዘፈን ላይ ነው» ይላል ፀጉር አስተካካዩ።

«ሁለተኛው ላይ» ይላል መምህሩ። «ደመናው በምዕራብ በኩል ነበር የመጣው።»

«ደመናውን ማን ጠየቀህ? ዘፋኙ ከመድረክ ወርዶ ጫማው ጭቃ ውስጥ የቀረው ስንተኛው ላይ ነው?»

«የግራ ጫማው።»

«የቀኝ ነው።»

ይሄ እንግዲህ ለሳቅ ነው። ሳቅ የሌለበት ክርክር የፉጨቱ ነው። የዚያን ቀን የፀጉር አስተካካዩ ታናሽ ወንድም ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ አፏጨ። ከታች የሚነሳ፣ ሽቅብ የሚወጣ፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ቁርጥ የሚል ፉጨት ነበረው። ሳክስፎን ነፊው ሰምቶ ፈገግ አለና ያንኑ ፉጨት በሳክስፎኑ መለሰለት። ሜዳው በሳቅ አውካካ። ከዚያ በሦስተኛው ዓመት ታናሽ ወንድሙ ታሞ ሞተ። ፎቶው መስታወቱ ጥግ ላይ ተሰክቷል፤ ፎቶ ግን አያፏጭም።

«ያንን ዜማ ሰውየው በየመድረኩ ይነፋው ነበር፤ ለፉጨት የመለሰው አይደለም» ይላል መምህሩ በየጊዜው። ለነገሩ እሱ ገና ሲያካፋ ሮጦ ጣሪያ ሥር የተጠለለ ሰው ነው፤ ፉጨቱንም አልሰማ፣ ሳክስፎን ነፊው ወዴት እንዳየም አላየ። ፀጉር አስተካካዩን ግን ያንገበግበዋል። መምህሩ እንዲህ ባለ ሳምንት ፂሙን ሲላጭ ትንፍሽ ባይል ይሻለዋል።

ከሁለት ወር በፊት ሽቦ ቤቱን ሲያጸዳ ካሴቱን አገኘው። ያን ቀን ቴፑን በፕላስቲክ ጠቅልሎ፣ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ከሁለቱ ወንድማማቾች መሃል ቆሞ የቀዳው ነው፤ ጠፋ ተብሎ ከተለቀሰለት ቆይቷል። ይህን ከሰማ ጀምሮ ፀጉር አስተካካዩ ሐሳቡ ሁሉ እዚያ ነው። የሁለት ደንበኞች ፀጉር በግራ በኩል ከልክ በላይ አጥሮባቸዋል። ምን እንደሚጠብቅ ግን ለማንም አልተናገረም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለውን ረስቶት ነው።

ዛሬ ሽቦ ኮምፒውተሩን በብብቱ፣ ድምፅ ማጉያውን በእጁ ይዞ ሲገባ ፊቱ እንደ ሙሽራ ያበራ ነበር።

«ካሴቱ አንዴ ብቻ ነው የተጫወተልኝ» አለ። «ኮምፒውተር ላይ እንደገለበጥኩት ክሩ ብጥስጥስ አለ። ግን አትስጉ፣ እንደ አዲስ አድርጌዋለሁ። ሁለት ወር ሙሉ እላዩ ላይ ነበርኩ። የእኔ ስጦታ ነው።»

ከፈተው። ቤዝ ጊታሩ ገባ፣ ድራሙ ተከተለ፣ ዘፋኙ እዚያው ማበጠሪያው አጠገብ የቆመ ይመስል ትንፋሹ ሳይቀር ተሰማ። መምህሩ ዓይኑን ጨፈነ። ፀጉር አስተካካዩ ግን የወንበሩን እጀታ ጨብጦ አንድ ቦታ ይጠብቃል። አንደኛው ዘፈን አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛው አጋማሽ ላይ ዘፋኙ ፋታ ወሰደ፤ ፀጥ አለ። ከዚያ ሳክስፎኑ ከታች ተነሳ፣ ሽቅብ ወጣ፣ ቁርጥ አለ። ላልጠየቀው ሰው መልስ የሚሰጥ ይመስል ነበር።

«ወንድሜስ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«የቱ?»

«ፉጨቱ። እዚህ ጋ ነበር እኮ።»

«ቆሻሻውንማ አወጣሁት» አለ ሽቦ፣ ገና እንደኮራ። «ዝናቡን፣ ጩኸቱን፣ ሳሉን። አንድ ፉጨትማ ለብቻው ሦስት ቀን ነው የፈጀብኝ፤ አጠገቤ ሆኖ ...» አለና የሚናገረውን ራሱ ሰማው። አፉን ያዘ።

«እኔ እኮ የምጠብቀው እሱን ነበር» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ባንዱን አይደለም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? በዚህ ዕድሜዬ ፉጨት ናፈቀኝ ልበልህ?»

መምህሩ አቀርቅሮ ጫማውን ያያል።

ሽቦ ግን ምንም ነገር የማይጥል ሰው ነው። ሱቁ ውስጥ የሞቱ ሬዲዮኖች ብሎን በየጠርሙሱ ተሞልቶ ተደርድሯል። ድንገት ኮምፒውተሩን ወደ ራሱ ሳበ።

«አብሬ ዘፈን እንዳልቆረጥኩ ለማረጋገጥ ብዬ የወጣውን ለብቻው አስቀምጬው ነበር» አለ። «ዘፈን የለበትም፤ ግርግሩ ብቻ ነው።»

«ክፈተው።»

መጀመሪያ ዝናቡ መጣ፤ ፕላስቲክ ላይ የሚንጣጣ ዝናብ። ሰው ይስላል፣ ሰው ይጣራል፣ ሰው የማይሰማ ዘፈን እየተከተለ ያጨበጭባል። ከዚያ ቅርብ፣ በጣም ቅርብ፣ የአንድ ጎረምሳ ቁጣ ተሰማ።

«ዝም በል አንተ፣ ዘፈኑን አታስቀዳውም?»

ፀጉር አስተካካዩ የራሱን ድምፅ ለማወቅ ጊዜ ወሰደበት። ሌላው ግን ገና ከሳቁ ታወቀው።

«አንዴ ብቻ፣ ወንድም ጋሼ።»

ፉጨቱም መጣ። ከታች ተነሳ፣ ሽቅብ ወጣ፣ ቁርጥ አለ። ቀጥሎ ሳክስፎኑ የነበረበት ቦታ ባዶውን ቀረ፤ ዝናብ ብቻ። ከባዶው በኋላ ሜዳው ሳቀ።

«ዝም በል ብዬው ነበር እንዴ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ሃያ ስምንት ዓመት ሲያወራው ይቺን አንድም ቀን አስታውሷት አያውቅም። እንባው በጉንጩ ወርዶ አገጩ ላይ ደረሰ፤ አልጠረገውም።

«እንኳንም አልሰማህ» አለው ሽቦ። ቀጥሎም፣ «ሁለቱን መልሼ አጋጥማቸዋለሁ። የአንድ ቀን ሥራ ነው።»

«ታጋጥማለህ። አሁን ግን ያንኑ ድገምልኝ።»

ሽቦ ወደ ኋላ መለሰው። ዝናቡ፣ ቁጣው፣ ሳቁ፣ ፉጨቱ። ፉጨቱ ቁርጥ ሲል፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ መምህሩ ከአግዳሚው ብድግ አለ። ጉንጩን ነፍቶ፣ ዓይኑን መሬት ተክሎ፣ በዚያ ዜማ በማያውቅ ድምፁ የሳክስፎኑን መልስ አንጎራጎረ።

ሜዳው ሙሉ ሳቀ።