ገና ያላለቀው ድምፅ

በሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ ከደመወዝ ክፍል በቀር ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሁሉም «ወንፊት» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣለት አንድ ዜና አንባቢ ነው። አንባቢው በንባቡ መሀል ምራቁን ሲውጥ የወጣችውን ትንሽ ድምፅ ሰምቶ «ድገመው»፣ አሁንም «ድገመው» እያለ ቢያስለፋው፣ ሰውዬው ተናዶ «ይሄ እኮ ጆሮ አይደለም ያለው፣ ወንፊት ነው! ጉድፍ አያሳልፍም!» ብሎ በሩን ወርውሮት ወጣ። ስሙ እዚያው ተጣበቀበት።

ወንፊት የድምፅ ቴክኒሽያን ነበር። ዕድሜውን የጨረሰው ከደረጃው ሥር ባለች መስኮት አልባ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ዜና ቀርጿል፣ ድራማ ቀርጿል፣ የእግር ኳስ ጫጫታ አስተካክሏል። ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ሥራ በጀመረ ሰሞን አንድ አንጋፋ ቴክኒሽያን ከመጋዘን ያወጣውን የቴፕ ክር አጫውቶለት ነበር፤ ከማንም ጉሮሮ ያልወጣ፣ እጅ ያልመታው፣ ትንፋሽ ያልገባበት፣ ከኤሌክትሪክ ብቻ የተሠራ ዜማ። ያን ቀን ከሥራ ሲወጣ አውቶቡስ ማቆሚያውን አልፎ ሄዶ ሄዶ፣ የማያውቀው ሰፈር ሲደርስ ነው የባነነው።

ስለዚህ ሙዚቃ አጀማመር ፕሮግራም እንሥራ የሚለውን ሐሳብ ስንት ዓመት ሲያነሣና ሲጥል ኖሮ፣ በመጨረሻ የሰማችው አንዲት አዘጋጅ ናት። ማይክሮፎን እንዴት እንደሚያዝ ያስተማራት እሱ ስለሆነ «ጋሼ» ትለዋለች፤ እሱም ጸጉሯ ሽበት ጣል ጣል ካደረገበት በኋላ እንኳ «አንቺ ልጅ» ማለቱን አልተወም። ተያይዘው አለቃቸው ዘንድ ገቡ። አለቃው አዳመጣቸው፣ አገጩን አከከ፣ ከዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግማሽ ሰዓት ሰጣቸው፤ ሰው ሁሉ ወይ ልብስ የሚያጥብበት ወይ የሚያሸልብበት ሰዓት።

«ማንም አይሰማንም» አለች አዘጋጇ፣ ከቢሮው ሲወጡ።

«ማንም ካልሰማን ማንም አይከለክለንም» አለ ወንፊት። እንደዚያ ፊቱ ፈክቶ አይታው አታውቅም።

የመጀመሪያው ፕሮግራም ሳይነኩት ስለሚዘፍን መሣሪያ ነበር፤ ተጫዋቹ እጁን አየር ላይ እያንሳፈፈ የሚያስለቅሰው። ሁለተኛው ቴፕ በምላጭ እየቆረጡ መልሰው እያጣበቁ ዜማ ይሠሩ ስለነበሩ ሰዎች ነበር። «ልብስ ሰፊዎች በያቸው» አላት ወንፊት፣ «እነሱ እኮ ድምፅ ነው የሰፉት።» እንዳለውም አለች። ከዚያ ቀጥሎ ክፍል ሙሉ ስለሚይዙት ማሽኖች ሠሩ። እሷ ትጽፋለች፣ ታነባለች፤ እሱ ሙዚቃውን ይመርጣል፣ ይቀርጻል፣ ያቀናብራል። እሱ አንዴ ያሳለፈውን ሌላ ሰው ደግሞ አይሰማውም፤ በጣቢያው ደንቡ ይኼ ነበር።

አራተኛውን ፕሮግራም ሲሠሩ ነው ነገሩ የመጣው። አንድ አሮጌ ሥራ መርጦ ነበር፤ አንዲት ብቸኛ ድምፅ ከታች፣ ከማጉረምረም ተነሥታ ቀስ እያለች ወደ ላይ የምትወጣበት፣ ቀጥና ቀጥና በመጨረሻ ከሰው ጆሮ የምታመልጥበት። ወንፊት ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ድምፅዋ ወጣች፣ ወጣች፣ እንደ ፀጉር ቀጠነች፣ ጠፋች። ዓይኑን ሳይገልጥ «እዚህ ላይ አለቀ፤ አንቺ ትገቢያለሽ» አለና በእጁ ምልክት ሰጣት።

አዘጋጇ አልገባችም።

«ግቢ እንጂ!»

«ጋሼ፣ ገና አላለቀም እኮ።»

«ምኑ?»

«ድምፁ። ይሰማል።»

የምትቀልድበት መሰለው። ዓይኑን ገለጠና ከፊቱ ያለውን የድምፅ መለኪያ አየ። መርፌው አልወደቀም። ቀጥ ብሎ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። በሙሉ ጸጥታ ውስጥ መርፌው ይንቀጠቀጣል። ወንፊት የጆሮ ማዳመጫውን ጫን ጫን አደረገው፤ ምንም የለም። ቆይቶ መርፌው በራሱ ጊዜ ተኛ።

«ጎበዝ» አለ፤ ሊስቅም ሞከረ። «ፈተንኩሽ። ነቅተሻል።»

አዘጋጇ ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ ወረቀቷ ላይ አቀረቀረች። ቀሪውን ቀረጻ ሲጨርሱ እሱ የሠራው በመርፌው ነው፤ ጆሮውን ማመን አቅቶት።

ቅዳሜ ፕሮግራሙን ቤቱ ሆኖ አዳመጠ። ሚስቱ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ይህን ሙዚቃ «የተበላሸው ፍሪጅ» ነው የምትለው፤ ያም ሆኖ አጠገቡ ሳትቀመጥ የቀረችበት ቅዳሜ የለም። ያቺ ድምፅ ወደ ላይ መውጣት ስትጀምር ሬዲዮኑን አስጠጋና እጇን ያዘ።

«ሲጠፋብሽ ንገሪኝ» አላት።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ?»

«ዝም ብለሽ ንገሪኝ።»

ድምፅዋ ቀጠነች። ከእሱ ጠፋች። «አሁንም አለ?» አላት።

«አለ።»

«አሁንስ?»

«አለ። ውይ፣ እንዴት ይቀጥናል!»

«አሁንም?»

«አለ እንጂ፣ አለ» ስትል የአዘጋጇ ድምፅ «ያዳመጣችሁት…» ብሎ ከሬዲዮኑ ወጣ። ሙዚቃው ካለቀ ቆይቷል። ሚስቱ እንደተያዘ ሌባ ደነገጠች።

«ምነው ዋሸሽኝ?» አላት፣ ቀስ ብሎ።

«ታዲያ ምን ልበልህ? እጄን እንደዚያ አድርገህ ጨብጠኸኝ!» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ሰበር አለ። «እኔስ ከየት አምጥቼ ልስማው? አብረን አይደል እንዴ ያረጀነው።»

ሰኞ ጠዋት አለቃው ሁለቱንም አስጠራቸው። እሑድ ቀኑን ሙሉ ጣቢያው ሲደወልለት ነው የዋለው። የአድማጮቹ ቅሬታ በሙዚቃው አልነበረም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከአዘጋጇ ንግግር ሥር አንዲት ቀጭን ፉጨት ገብታ ነበር፤ ከመቅረጫው ከተበላሸ ሽቦ የመጣች፣ ቴፑ ላይ ብቻ የቀረች። ማንም ጀማሪ የሚሰማት ፉጨት ናት።

«ጥርሳችንን አንቀጠቀጠው አሉ እኮ ሰዎቹ!» አለ አለቃው። «አንዱ ደግሞ ከፕሮግራሙ ሁሉ የወደድኩት ፉጨቷን ነው ብሎ ደወለ። እሱን ተዉት። ጋሼ፣ ይሄ እንዴት እርስዎን አለፈ?»

ወንፊት አፉን ከፈተ። ስለ ፉጨት ሲወራ ገና መስማቱ ነው።

«እኔ ነኝ» አለች አዘጋጇ። «የዚያን ዘመን መንፈስ እንዲሰጥ ብዬ ሆን ብዬ ነው ያስተውኩት። እሱማ ይውጣ ብሎኝ ነበር።»

አለቃው ሁለቱንም በየተራ አያቸውና «ሁለተኛ መንፈስ እንዳትጠሩብኝ» ብሎ አሰናበታቸው።

ስቱዲዮ እንደገቡ ወንፊት በሩን ዘጋ።

«ማን ዋሺልኝ አለሽ?»

«ጋሼ…»

«ማን አለሽ ነው የምልሽ!»

«አንተ እኔን ስንቴ ሸፍነኸኛል? ጽሑፌን ረስቼ የመጣሁ ቀን፣ አየር ላይ ስሜ የጠፋብኝ ቀን…»

«ያንቺ ስሕተት የሚታረም ነበር» አለ ወንፊት። ተቀመጠ። «የሚታረመውን ነው ሰው የሚሸፍነው፣ ልጄ። አሁን ግን ነገ ደግሞ ትሸፍኚኛለሽ፤ ከነገ ወዲያም። ከዚያ እኔ እዚህ የምቀመጠው ምን ሆኜ ነው?»

አዘጋጇ ፊቷን ስፖንጅ ወደ ለበሰው ግድግዳ አዙራ አለቀሰች፤ እሱም እንዳላየ ሆነ።

በዚያው ሳምንት ጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ከስቱዲዮው የምትጠብ ሣጥን የመሰለች ክፍል ውስጥ አስገብተው፣ የጆሮ ማዳመጫ አጥልቀውለት፣ ድምፅ ሲሰማ እንዲጫን ቁልፍ አስያዙት። በማዳመጫው ውስጥ የሚመጡት ድምፆች ብቸኛ፣ ጥርት ያሉ፣ ከኤሌክትሪክ የተሠሩ ነበሩ። ዕድሜ ልኩን የወደዳቸው ድምፆች! የታችኞቹን በደስታ ተጫነላቸው። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ። ከመስታወቱ ማዶ የባለሙያዋ ጣት ሲንቀሳቀስ ያያል፤ ድምፅ ግን የለም። ሳይሰማ መጫን አምሮት ነበር። አልተጫነም።

ሐኪሙ ውጤቱን ሲያይ ቆየና «የጠፋው አይመለስም» አለው፣ ሳያለባብስ። «ዕድሜም አለበት፣ ሥራዎም አለበት። መጀመሪያ የሚሄዱት ቀጫጭኖቹ ናቸው። ጉዳቱ ቀስ እያለ ንግግር ውስጥ ይገባል፤ ‹ሰ›ን፣ ‹ፈ›ን የመሳሰሉትን ይበላል።» ከዚያ አዘነለትና፣ «አሁን ምን ይሰማዎታል?» ሲል ጠየቀው።

«ከሚሰማኝ የማይሰማኝ በለጠ፣ ዶክተር» አለ ወንፊት።

አለቃው ዘንድ የገባው ብቻውን ነው። ፉጨቷም የእሱ እንደሆነች፣ ልጅቷ እንደዋሸችለት፣ ሐኪሙም ያለውን ሁሉ ተናገረ። አለቃው ጥሩ ሰው ነው፤ ለጡረታ እስኪደርስ የቴፕ መጋዘኑን እንዲይዝ ሰጠው። ቦታው ላይ ከስፖርት ክፍል አንድ ጎልማሳ ቴክኒሽያን መጣ። ወንፊት ሙሉ ቀን አብሮት ቁጭ ብሎ፣ የትኛዋ ቁልፍ እንደምትንሸራተት፣ የትኛው ሽቦ ሲነካ እንደሚያኮርፍ አንድ በአንድ አሳየው። ጎልማሳው ጨዋ ስለነበር የሚያውቀውንም እንደማያውቅ ሆኖ ሰማው።

ከዚያ ቀን ወዲህ በጣቢያው ውስጥ ማንም «ወንፊት» ብሎ አልጠራውም። ማንም አልተማከረም፤ ስሙ በራሱ ቀረ። ሰዎቹ ሊያስከፉት አልፈለጉም። እሱ ግን ከሁሉ ያመመው ይኼ ነው።

ተከታታዩ ፕሮግራም ሊያልቅ ሲቃረብ፣ አዘጋጇ መጋዘን ድረስ ወርዳ፣ ለመዝጊያው እሱ ራሱ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ እንዲያወራ ለመነችው። ያን አሮጌ ክር መጀመሪያ የሰማበትን ቀን፣ መንገድ የሳተበትን።

«እምቢ» አላት። «ስለ ድምፅ የማወራው እየሰማሁት ነው እንጂ እያስታወስኩት አይደለም። የሞተ ሰው አድርገሽ አታስወሪኝ።»

አልጨቀጨቀችውም። መዝጊያውን ያለ እሱ ሠራችው። እሱም ጡረታው ሳይደርስ በፈቃዱ ለቀቀ። ቤት ከዋለ ጀምሮ ሬዲዮ አልከፈተም፤ ሚስቱም «ክፈት» አላለችውም። አዘጋጇ አንዳንዴ ትደውላለች፤ ስለ ጤና፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጆቿ ያወራሉ። ስለ ሥራ ሁለቱም አያነሡም።

ዝናብ ያባራበት አንድ ከሰዓት በኋላ እግሩን ሊያፍታታ ወጥቶ፣ በአንዲት ሱቅ በር ሲያልፍ የአዘጋጇን ድምፅ ሰማ። ባለሱቁ መደርደሪያ ላይ ሬዲዮ ከፍቷል። አዲስ ፕሮግራም ይዛ ስለ ድልድዮች ታወራለች፤ ስለ ድንጋይና ስለ ብረት። ወንፊት ደፉ ላይ ቆመ። ድምፅዋ ያው ነው፤ ሙቀቱ፣ አረፍ የምትልበት ቦታ፣ እሱ ያስተማራት አተነፋፈስ። ነገር ግን ቃላቱ እዚህም እዚያም እንደወለቀ ጥርስ ክፍተት ነበረባቸው። ሐኪሙ ያለው ደረሰ። እስከ መጨረሻው ሰማት። ስትሰናበት ሁልጊዜ «ሰላም ሁኑ» ነው የምትለው።

«…ላም ሁኑ» አለችው።

ሳቁ አመለጠው። ብቻውን በሰው ደጅ ላይ ከልቡ ሳቀ፤ መጋቢት ውስጥ እንደሚመጣ ዝናብ ድንገት መጥቶ ድንገት አቆመ። ባለሱቁ ከባንኮኒው ጀርባ ቀና ብሎ፣ የሽማግሌው ዓይን እንባ ማቅረሩን ሲያይ ግራ ገባው።

«ምን ልስጥዎት፣ አባባ?»

ወንፊት በመዳፉ ፊቱን ጠረገ። ቤት ሳሙና ሞልቷል፤ ግን ያቺን የጠፋችበትን «ሰ» በገዛ አፉ ሊላት ፈለገ።

«ሳሙና ስጠኝ» አለ።