ሰራዊት ብቻውን መጣ

ስርጉት ሻይ እየቀዳች ቀና ስትል ታረቀኝ ባጃጁን በሩ ላይ አቁሞ፣ ከሌላ ሾፌር ጋር እየተሰዳደበ ገባ።

"ታረቀኝ! ዛሬስ ከማን ጋር ተጣላህ?"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ታረቀኝም ንዴቱ በረደለትና እየሳቀ ተቀመጠ። የስርጉት ሻይ ቤት ልማድ ይሄ ነው፤ የገባ ሁሉ በስሙ ይቀለድበታል፣ ለስሙ ቀልድ የታጣለት ሻዩን በነፃ ይጠጣል። ስም ወላጅ የተመኘው ነው፤ ሰውየው ደግሞ ሌላ ሆኖ ያድጋል። ሳቁ የሚመጣው በሁለቱ መሀል ካለው ክፍተት ነው፤ ስርጉት ደግሞ ያቺን ክፍተት ለማየት የሚቀድማት የለም።

በሩ ላይ ማንጎ የምትሸጠው ዐዋጢፍ ብቻ አሸንፋታለች። የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ ስሟም ዐረብኛ ነው። ትርጉሙን ስትጠየቅ "ስሜት ማለት ነው" አለች። ስርጉት ብታወጣ ብታወርድ ቀልድ አጣችለት። ዐዋጢፍ ከዚያ ወዲህ በነፃ ትጠጣለች።

የመጀመሪያው ዝናብ ሌሊቱን ጥሎ አባርቷል። ከማንጎ ዛፎቹ ሥር ጭጋግ ይነሣል፤ አሶሳ ገና ከእንቅልፏ ያልነቃች ትመስላለች። ስርጉትም ብርጭቆ እያጠበች ሐሳቧ እጇን ጥሎ ይሄድባት ነበር። ሰራዊት ዛሬ ወደ ካማሺ ይሄዳል።

ሰራዊት የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው፤ ዝምተኛ፣ ብቸኛ ሰው። መጀመሪያ የገባ ቀን "ሰራዊት ብቻውን መጣ! ወንበር ይበቃን ይሆን?" ብላ ሰዉን ሁሉ አስቃበታለች። እሱም ከዚያ ወዲህ ቀርቶ አያውቅም። ባለፈው ሳምንት ሰው ቀለል እስኪል ጠብቆ ወደ ባንኮኒው ተጠጋ።

"ካማሺ ሥራ አግኝቻለሁ። ዝናቡ መንገዱን ከዘጋው እስከ መስከረም አልመለስም። ልሂድ ወይስ ልቅር? አንቺ ምን ትያለሽ?"

ትወደዋለች፤ "ቅር" ልትለው ፈልጋ ነበር። አፏን ስትከፍት ግን የለመደችው ቀልድ ቀደማት።

"ሰራዊት ትዕዛዝ የሚቀበለው ከሻይ ቤት ነው እንዴ?"

ሰራዊት ሳቀ። በነጋታው ሄዶ የሥራ ውሉን ፈረመ።

ሳምንቱን ሙሉ ስትተኛም ስትነሣም ያን ቀን መልሳ ስታየው ከረመች። በሐሳቧ ሰራዊት ባንኮኒው ላይ ክርኑን አስደግፎ ይጠይቃታል፤ እሷም "ቅር" ትለዋለች። ደግሞ ይጠይቃታል፤ ደግሞ "ቅር" ትለዋለች። ደስ የሚል ነገር ነበር፣ ብርጭቆ ሲንኳኳ እስክትነቃ ድረስ።

አሁን በእውን ገባ። በአንድ እጁ ሻንጣ፣ በሌላው የመሣሪያ ሳጥኑን ይዟል። ሰዉ ሁሉ ፊቱን ወደ ስርጉት አዞረ። እሷ ሳትቀልድ ሻይ ቀዳችለት።

"ስርጉት፣ አንተ ዛሬ ምን ሆነ? ወላሂ፣ ቀልድ የት ሄደ?" አለች ዐዋጢፍ ከበሩ።

"ሰራዊት ዘመተ በይ እንጂ!" አለ ታረቀኝ፣ እሱ ራሱ ቀድሞ እየሳቀ። አንዳንዶችም አብረውት ሳቁ። ስርጉት አልሳቀችም።

ውጭ ወደ ካማሺ የሚወስደው መኪና ጥሩምባ ተሰማ። ሰራዊት ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣና ወደ ባንኮኒው መጣ።

"ያን ቀን የጠየቅኩሽ የምሬን ነበር" አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

"አውቃለሁ። የመለስኩልህ ግን የምሬን አልነበረም።"

"አሁን ፈርሜያለሁ፤ የካማሺ ሰዎች ውሃ ይጠብቃሉ።"

"ሂድ እንግዲህ።"

ጥሩምባው ደገመ። እሱ ግን አልተንቀሳቀሰም።

"ትጠብቂኛለሽ?"

ይሄንን ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር የተናገረው፤ ቤቱ በሙሉ ሰማው። ቀልዱም ወዲያው መጣላት። ከስሙ ጋር ልክክ ያለ፣ ሰዉን ሁሉ ሆዱን አስይዞ የሚያስቅ፤ እንዲህ ያለ ቀልድ በዕድሜዋ መጥቶላት አያውቅም። ታረቀኝ ገና ሳይነገረው ጥርሱ ተገልጧል። ሰራዊትም እንደ ሁልጊዜው ለመሳቅ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ዓይኑ ግን ፈርቷል። ስርጉት ያንን ዓይን አየችው።

"እጠብቅሃለሁ" አለችው፣ ሰዉ ሁሉ እየሰማ።